ሳይከፈለኝ የማሠለጥናቸው ልጆች ዕዳ ሆኑብኝ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ከተማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ስሆን በመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይነት እተዳደራለሁ። ተማሪ ሳለሁ እግር ኳስ እጫወት ስለነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ‹ወላጆች ሴቶች ልጆቻቸውን ከወንድ አሠልጣኝ ጋር ብቻ መላክ አልፈለጉምና እባክሽ አግዢኝ› ቢለኝ እሺ አልኩ። ዛሬ ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 22 ሴቶች ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን አሠለጥናለሁ፤ መምህሩ ግን ሥራ በዝቶበት ብቅ ማለት ካቆመ ቆይቷል። የባጃጅ የምከፍለው ከኪሴ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለማሊያ መግዣ ከየልጁ ገንዘብ እንድሰበስብ አዘውኝ ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ‹ድርጅት ይከፍላታል፣ ከልጆችም ትበላለች› የሚል ወሬ ይናፈስብኛል። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ማንም ሳይነካት ዘልላ ስታርፍ ጉልበቷ ተጠመዘዘ፤ እናቷ ቤቴ ድረስ መጥተው ‹የወሰድሻት አንቺ ነሽና አሳክሚያት› አሉኝ። ባለቤቴም ‹የራስሽን ቤት ጥለሽ የሰው ልጅ ታሠለጥኛለሽ› ይለኛል። የአሠልጣኝነት ወረቀት የለኝም፤ የማውቀው ነገር ለልጆቹ ይበቃ ይሆን ብዬም እጨነቃለሁ። ልተወው? ልጅ ቢጎዳብኝስ በሕግ የምጠየቀው እኔ ነኝ?»

ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እርሱ ይመስለኛልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 መሠረቱ ጥፋት ነው፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን ይክሳል ይላል። ስለዚህ የሚመረመረው ልጅቷ መጎዳቷ ብቻ ሳይሆን፣ አሠልጣኟ አስተዋይ ሰው የማያደርገውን አድርጋ ወይም ማድረግ የሚገባትን ትታ እንደሆነ ነው። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2068 ስፖርትን ለብቻው አንሥቶ፣ በጨዋታ ላይ ያለ ሰው ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባዱ መጣስ ካልታየበት በቀር ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ሜዳ ላይ መውደቅና መጋጨት እንደሚኖር ሕጉ አስቀድሞ ተቀብሎታል ማለት ነው። እንደጻፉልን ከሆነ ልጅቷ የተጎዳችው ማንም ሳይነካት፣ በተለመደ ልምምድ ላይ ነው፤ በዚህ ብቻ ጥፋተኛ የሚያሰኝዎት ነገር አይታየኝም። መብረቅ እየወረደ ልጆቹን ሜዳ ላይ ቢያቆዩ፣ ያልታሰረ ተንቀሳቃሽ የብረት ጎል አቁመው ቢያጫውቱ፣ ወይም ጭንቅላቷን ተመትታ የተንገዳገደችን ልጅ መልሰው ቢያስገቡ ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። በጽሑፍ የቀረበ ክስ ከመጣብዎ ከዚህ ዓምድ ይልቅ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ።

እናትየው እርስዎ ቤት ድረስ የመጡት ክፉ ሆነው አይደለም። ልጃቸው ከትምህርት ሰዓት በኋላ በማን ኃላፊነት ሥር እንደምትሆን የሚናገር አንድም ወረቀት እጃቸው ላይ የለም፤ የሚያውቁት ፊት የእርስዎን ብቻ ነው። እስካሁን ካልሄዱ ልጅቷን ሄደው ይጠይቋት፤ ሲሄዱም የስፖርት መምህሩን ወይም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ጥቂት ብርቱካን ይዞ የታመመን መጠየቅ የጨዋ ደንብ እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ እናትየውም ይህን ያውቁታል። እዚያው ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑን ይጠይቁ፤ አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በሪፈር ሆስፒታል ድረስ መታከም ትችላለች። ጉልበቷ በተጎዳች በሰዓታት ውስጥ አብጦ ከነበረ፣ ወይም ዛሬም ስትራመድ የሚከዳት ከሆነ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ሳትታይ መቅረት የለባትም። ቤተሰቡ ወጌሻ ጋ ሊወስዳት ቢያስብ፣ እጅና እግር በጠባቡ ታስሮ ደም በመታፈኑ እስከ መቆረጥ የደረሱ ሕፃናት ታሪክ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ እንዳልሆነ በትሕትና ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደብዳቤዎ እንደሚያሳየኝ እርስዎ እሺ ያሉት ለአንድ ሥራ ነበር፤ ለስፖርት መምህሩ ረዳት ሆነው ሴቶቹን ሊያሠለጥኑ። ዛሬ ግን አሠልጣኝም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ለጉዳት መልስ የሚሰጥ የትምህርት ቤቱ ወኪልም ሆነዋል። የመጀመሪያውን በፈቃድዎ ወሰዱት፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ማንም ፈቃድዎን ሳይጠይቅ እግረ መንገዳቸውን መጥተው ተጫኑብዎት። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ሜዳ በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎችን የሚያማርራቸው፣ እንደ እኔ ትዝብት፣ ክፍያ ማጣት አይደለም፤ ደመወዝተኛው ሊሠራው የሚገባውን ሁሉ «እርሷ አለች አይደል» እየተባለ ወደ እነርሱ መግፋቱ ነው። ስለዚህ ልተወው ወይ ላሉት መልሴ፣ ሥልጠናውን አይተዉ፣ ሁለቱን የማይመለከትዎትን ሥራዎች ግን በዚህ ወር ያስረክቡ የሚል ነው።

እንዴት ይህን ማድረግ እንደሚቻል ከዕድር የተሻለ አስተማሪ የለንም። በዕድር ሰብሳቢው ገንዘብ አይዝም፣ ገንዘብ ያዡ ብቻውን አያወጣም፣ ጸሐፊው ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል፤ ማንም ደመወዝ ባይቀበልም ማንም ግን ሥራውን አያምታታም። ለቡድንዎም ይኸው ይደረግ። ርዕሰ መምህሩን ቀጠሮ ይጠይቁና አንዲት ገጽ ጽሑፍ ይዘው ይግቡ፤ በውስጧም እርስዎ በትምህርት ቤቱ ጥሪ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ መሆንዎ፣ የሥልጠናው ቀንና ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ሥልጠና ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር በግቢው የሚገኝ መሆኑ፣ ልጅ ስትጎዳ ወላጅ የሚያነጋግረውና ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ማን እንደሆነ፣ ገንዘብ ነክ ጉዳይም እርስዎን የማይመለከት መሆኑ ይጻፍ። ማኅተም ይረፍበት። ከዚህ ጋር ለወላጆች የሚሰጥ የፈቃድ ቅጽ ይዘጋጅ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ፤ ጅማ ላይ ፊርማውን የሚያኖሩት አብዛኞቹ እናቶችና አባቶች በደንብ የሚገባቸው በእርሱ ነውና። ቅጹ ልጅቷ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ያለባት እንደሆነና በአደጋ ጊዜ የሚደወልበትን ስልክ ይጠይቅ።

ርዕሰ መምህሩ «በመተማመን ስንሠራ ቆይተን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ እናትየው ቤትዎ ድረስ መምጣታቸውን ይንገሯቸው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

የማሊያውን ገንዘብ በተመለከተ፣ ማን ስንት እንደሰጠ፣ ምን እንደተገዛበትና ምን እንደተረፈ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከነደረሰኙ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በፊርማ ያስረክቡ፤ ቅጂው በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቤት ለቤት እየዞሩ «እኔ አልበላሁም» ማለት ግን አያዋጣም፤ ወሬውን ላልሰማው ማሰማት ነው የሚሆነው። ከእንግዲህ ከማንም ልጅ እጅ አንድ ብር አይቀበሉ፤ በቴሌብር ወደ ስልክዎ ልላክ ቢሉዎትም አይሆንም ይበሉ። የባጃጁ ወጪ ግን ሌላ ነው። በነፃ ማገልገል ከኪስ ማውጣት ማለት አይደለም፤ ለስብሰባ አበል በሚከፈልበት አገር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለምትመላለስ ሰው የመጓጓዣ ይተካላት ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ትምህርት ቤቱ ከሰጠ በደረሰኝ ይቀበሉ፤ ወሬ እንዳይሆንም ይኸው በሰሌዳው ላይ ይታይ። ካልቻለ ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት ይቀንሱ።

ወረቀት የለኝም ስላሉት ስጋት ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ሰው በዚህ ሲሸማቀቅ አያለሁ። ለዚህ ዕድሜ ልጆች አሠልጣኝ ማለት ታክቲክ አዋቂ ብቻ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በልጆች ቤዝቦል ቡድኖች ላይ አንድ ጥናት አድርገው ነበር፤ አሠልጣኞቹ በነፃ የሚሠሩ ተራ ወላጆች ናቸው። ለገሚሶቹ አጭር ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ትምህርቱም ስለ ጨዋታው ስልት ሳይሆን፣ ጥረትን ስለ ማመስገን፣ ስሕተትን ያለ ቁጣ ስለ ማረምና ልጅን በሰው ፊት ስላለማዋረድ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሠለጠኑት አሠልጣኞች ልጆች ጨዋታውን የተዉት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልሠለጠኑት ግን 26 በመቶ ነበሩ። እርስዎ ሁለት ዓመት ሙሉ 22 ሴቶች ልጆችን ሜዳ ላይ ማቆየትዎ ራሱ ስለ አያያዝዎ የሚናገረው አለ።

ይህ በእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበረ፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠነ ሰው ነው። እርሱ መምህር ስለነበር በጎ ፈቃደኛ ልለው አልችልም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አስተዋይ ዓይን የሚገኘው በትልቅ ስታዲየም ሳይሆን በትምህርት ቤት ሜዳ መሆኑን ያሳያል። በጅማ ተወልዳ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ የተመደበችው ዓለም አቀፍ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰም ለልጆችዎ ልትነገራቸው የሚገባ ሰው ናት፤ ከእነዚህ 22 ልጆች ምናልባት አንዷም ተጫዋች ላትሆን ትችላለች፣ ዳኛ ወይም የስፖርት መምህርት የምትሆን ግን አትጠፋም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሣ ከተማው የክለቡን ተጫዋቾች ስም በአፉ ያዘ፤ እነዚያን ተጫዋቾች በልጅነታቸው በየመንደሩ ሜዳ ኳስ እየነፋ ያለማመዳቸውን ሰው ስም ግን የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ላይ አንዲት ሴት አሠልጣኝ ሜዳ ላይ መቆሟ ለጅማ ወላጆች የሚሰጠውን መተማመን ከወረቀት በላይ እቆጥረዋለሁ። ልጄ ሻሿን አውልቃ አትጫወትም የሚል አባት ካለ፣ ልጁን ከቡድኑ የሚያስወጣበት ምክንያት የለውም፤ የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ በ2014 እ.ኤ.አ. የራስ መሸፈኛ አድርጎ መጫወትን ፈቅዷል። መሸፈኛው በመርፌ ቁልፍ ያልተያያዘና አንገት ላይ የማይጠመጠም መሆኑን ብቻ ይዩ። በረመዳንም ለሚጾሙ ልጆች ልምምዱን ቀለል አድርገው ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር ያስማሙት፤ ይህን የሚያደርግ አሠልጣኝ በሰፈሩ ለመታመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወረቀት ባይኖርዎም ሊያውቋቸው ግድ የሚሉ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ፤ ከጉልበት ልነሣ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ዘልለው ሲያርፉ ወይም ድንገት አቅጣጫ ሲቀይሩ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የመታጠፍ ዝንባሌ አለው፤ የጉልበት ጅማት ጉዳትም ከወንዶቹ ይልቅ በእነርሱ ላይ ይበዛል። ፊፋ «11 ፕላስ» ብሎ ያሰራጨው ማሟሟቂያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመቀነስ ነው። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ 8 ደቂቃ የዝግታ ሩጫ፣ ቀጥሎ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ልምምድ፣ በመጨረሻ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ወደ 1,900 በሚጠጉ ሴቶች ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ ማሟሟቂያውን በሠሩት ቡድኖች ጉዳት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በተለይ ሁለት ነገር አጥብቀው ያሠሯቸው። አንደኛው፣ ሁለት ሁለት ሆነው አንዷ ተንበርክካ ሌላዋ ከኋላ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጇ ይዛላት፣ የተንበረከከችው ወገቧን ሳታጥፍ ቀስ እያለች ወደ ፊት ማዘንበል ነው፤ የጭኗ የኋላ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ያያሉ፣ መቋቋም ሲያቅታት በእጇ መሬቱን ትያዝ። ሁለተኛው ዘልሎ ማረፍ ነው፤ ከፊታቸው ቆመው ይመልከቱ፣ ሲያርፉ ጉልበታቸው ከእግር ጣታቸው በላይ ቀጥ ብሎ ይዋል፣ ጉልበትና ጉልበት የሚነካኩባት ልጅ ካለች ለስለስ አድርጋ ደግማ ትዝለል። ይህን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አንድ ሳምንት ሠርቶ መተው ፋይዳ የለውም።

የቀሩትን በአጭሩ ልንካቸው። ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ «ደህና ነኝ» ብትልም በዚያ ቀን አትመለስም፤ ካስታወካት፣ ከተደናገረች ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ትሂድ። ለቁርጭምጭሚት ወለምታ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በዚያ ቀን ማሸት ክልክል። ከመጋቢት ጀምሮ የጅማን ዝናብ ያውቁታል፤ ነጎድጓድ እንደሰሙ ሁሉም ወደ ክፍል ይግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይውጣ፣ ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ጭቃው ካልደረቀ ሜዳውን ትተው በክፍል በረንዳ ላይ ማሟሟቂያውን ብቻ ያሠሩ።

ባለቤትዎን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው፦ ቀንና ሰዓቱ ያልተወሰነ ሥራ ቤት ይበላል። የሥልጠናውን ቀንና ሰዓት ወስነው፣ ማታ ማታ የሚደወልልዎትን የወላጅ ስልክ ለትምህርት ቤቱ ተወካይ አስተላልፈው፣ ከዚያ እንደገና ያነጋግሯቸው።

ለዚህ ደግሞ ሌሎች እጆች ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው በጎ ፈቃደኛ ሲባል ፊሽካ የያዘ ሰው ብቻ ይታየዋል። በለንደኑ የ2012 ኦሊምፒክ ወደ 70,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች አገልግለዋል፤ አብዛኞቹ መንገድ የሚያሳዩ፣ መኪና የሚነዱ፣ ተመልካች የሚያስተናግዱ ነበሩ፤ እያንዳንዱም ሥራውና ተራው ተለይቶ ይታወቅ ነበር። እናቶቹን «አግዙኝ» ብለው በደፈናው ቢለምኗቸው ማንም አይመጣም፤ አንዷን «ሐሙስ ልጆቹ እስኪወጡ ድረስ በር ላይ ስም ትይዢልኛለሽ?» ቢሏት ግን እሺ ትላለች። ስለ ውኃው፣ ኳስ ስለ መንፋት፣ ሜዳው ላይ ድንጋይና ጠርሙስ ስለ መልቀምም እንዲሁ ያድርጉ። ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ሴቶች መካከል የጨዋታ ደንብ የገባት አንዲት ልጅ መርጠው ፊሽካ ይስጧትና የልምምድ ግጥሚያ ታጫውት። ከሁሉ በላይ አንዲት ረዳት ያግኙ፤ ከልጆቹ አንዷን ለብቻዋ ይዞ አለመቅረት፣ ማንንም በባጃጅ ብቻዋን አለመሸኘት፣ በመልእክት ሲያነጋግሩም ወላጅ እንዲያየው ማድረግ ለልጆቹም ለእርስዎም ጥበቃ ነው፤ ይህ ሴት አሠልጣኝ ብትሆንም የሚቀር ደንብ አይደለም።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ለመፈረም ከአንድ ወር በላይ ካጓተቱ፣ ይህ መንፈቀ ዓመት ሲያበቃ እንደሚያቆሙ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ልጆቹ ከወሬ እንዳይሰሙ ምክንያቱን ማንንም ሳይወቅሱ ራስዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገሯቸው፣ የስም ዝርዝሩንና የወላጆቹን ስልክ ቁጥር ለስፖርት መምህሩ ያስረክቡ፣ የተረከቡበትንም ፊርማ ይያዙ። ከፈረሙ ግን ጉልበቷ የተጎዳው ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድላት ወደ ልምምድ እንዳትመለስ እየጠበቁ፣ በሚቀጥለው ሥልጠና በማሟሟቂያው ይጀምሩ።